ዝግ ወይስ ባለ ቱቦ? የመኪና ሰብዉፈር ሣጥን ከመቁረጣችሁ በፊት

መጀመሪያ የሠራሁት የሰብዉፈር፣ ማለትም የቤዝ ድምፅ ማጉያ፣ ሣጥን ባለ ቱቦ ነበር። ንድፉን የሰጠኝ አንድ ወዳጄ ነው። በእሱ መኪና ውስጥ ቤዙ ወንበሩን ጭምር ያንቀጠቅጣል። የእሱ ሰብዉፈር 12 ኢንች፣ የእኔም 12 ኢንች። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል ብዬ ልኩን እንዳለ ወስጄ ቆረጥኩት። ሁለት ሳምንት ደህና ሠራ። አንድ ማታ ግን በጣም ጥልቅ ቤዝ ያለው ዘፈን ከፍ አድርጌ ስከፍት፣ ከኋላ ብረት በብረት ሲመታ የሚመስል ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ መኪናውን ሞላው። ኮይሉ፣ ሰብዉፈሩን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል፣ ተቃጥሎ ነበር።

ሰብዉፈሩ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። የወዳጄም ንድፍ ለእሱ ሰብዉፈር ልክ ነበር። ሁለቱ ግን አይገናኙም። በስፋት እኩል የሆኑ ሁለት ሰብዉፈሮች በጠባያቸው እንደ ሰማይና ምድር ሊራራቁ ይችላሉ። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሣጥኖች ሠርቻለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሣጥን የሚመረጠው በጩኸቱ ሳይሆን በሦስት ነገር ነው፦ በሰብዉፈሩ ቁጥሮች፣ በመኪናው ውስጥ ባለው ቦታ እና በምትሰሙት ሙዚቃ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ደግሞ፣ ቁጥሮቹ ካልከለከሉ፣ ዝግ ሣጥን ይሻላል እላለሁ። ለምን እንደምል ከታች አለ።

ሣጥኑ ለምን አስፈለገ?

ኮኑ፣ ማለትም የሰብዉፈሩ የሚርገበገበው ፊት፣ ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል። በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለው አየር ይሳሳል። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል ማለት ነው። ሁለቱ ከተገናኙ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ሰብዉፈሩን ያለ ሣጥን ወለል ላይ አስቀምጣችሁ በዝቅተኛ ድምፅ ብትከፍቱት ኮኑ ሲርገበገብ ታያላችሁ፤ ቤዙ ግን የለም።

ስለዚህ የሣጥን ምርጫ አንድ ጥያቄ ነው፤ ከኮኑ ጀርባ የሚወጣውን ድምፅ ምን እናድርገው? ቆልፎ ማስቀረት ይቻላል፤ ይህ ዝግ ሣጥን ነው። አዙሮ ከፊተኛው ጋር ማስተባበር ይቻላል፤ ይህ ባለ ቱቦ ነው። በሁለት ክፍል አጣርቶ ማውጣት ይቻላል፤ ይህ ባንድፓስ ነው። ወይም ደግሞ የኋላውን የዕቃ መጫኛ በሙሉ እንደ ሣጥን መጠቀም ይቻላል።

ዝግ ሣጥን

በዝግ ሣጥን ውስጥ የታፈነው አየር እንደ ስፕሪንግ ይሠራል። ኮኑ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይገፋዋል፤ ወደ ውጭ ሲሄድ መልሶ ይስበዋል። ይህን ሐሳብ በ1954 ወደ ገበያ ያወጣው አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር ነው። ኤአር-1 የተባለው የእሱ ድምፅ ማጉያ ትንሽ ሣጥን ከነበሩት ትላልቅ ሣጥኖች ጋር በቤዝ መፎካከር እንደሚችል አሳየ። መኪና ውስጥ ቦታ ለሚጠበው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የዝግ ሣጥን ቤዝ ደረቅና ጥርት ያለ ነው። የከበሮው ምት ይመጣል፣ ይመታል፣ ያቆማል። አይጎተትም። የቤዝ ጊታር ኖታዎች እያንዳንዳቸው ተለይተው ይሰማሉ። የተለመደው ቤዝ ጊታር የወፍራሙ ክር ድምፅ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ውዝዋዜ) ገደማ ነው፤ ደህና ዝግ ሣጥን እዚያ ድረስ ያለ ችግር ይወርዳል።

ከዚያ በታችስ? ዝግ ሣጥን ከአንድ ነጥብ በታች በየኦክታቩ፣ ማለትም ኸርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር፣ 12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ሲሰሙት እንደ ድክመት ይመስላል። መኪና ውስጥ ግን አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። የድምፁ ሞገድ ግማሽ ርዝመት ከመኪናው ውስጣዊ ርዝመት ሲበልጥ፣ መኪናው ራሱ ቤዙን ማጉላት ይጀምራል። የውስጥ ርዝመቱ 2.7 ሜትር የሆነ መኪና ውስጥ ይህ ከ64 ኸርዝ ገደማ በታች ይጀምራል። በንድፈ ሐሳብ ጭማሪው በየኦክታቩ 12 ዴሲቤል ነው። ዝግ ሣጥኑ የሚቀንሰውን ያህል መኪናው ይጨምራል ማለት ነው። በተግባር በበሩ፣ በመስታወቱና በቆርቆሮው በኩል ስለሚያመልጥ ያን ያህል አይደርስም። ያም ሆኖ ቤት ውስጥ የሳሳ የሚመስል ዝግ ሣጥን መኪና ውስጥ ሲገባ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው ዝግ ሣጥንን የሚንቀው ይህን ሳያውቅ ይመስለኛል።

ሌላው ትልቅ ጥቅሙ ይቅርታ ማድረጉ ነው። ልኩ በሁለት ሦስት ሊትር ቢዛነፍ ጆሮ ብዙም አይለየውም። ኮኑንም የታፈነው አየር ይጠብቀዋል። የእኔ ሰብዉፈር ያን ማታ ዝግ ሣጥን ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ አይራገብም ነበር።

ጉድለቱ ጉልበት መፈለጉ ነው። ጀርባውን ቆልፈነዋልና ግማሹ ድምፅ ሥራ ላይ አይውልም። በተመሳሳይ አምፕሊፋየር (አምፕ) ባለ ቱቦው በግልጽ ይበልጠዋል። አምፓችሁ ትንሽ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ባለ ቱቦ ሣጥን

ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ስትሉ የሚወጣውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ባለ ቱቦ ሣጥን የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው እንደ ስፕሪንግ ሆነው በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ አብረው ይወዛወዛሉ። ይህን ፍሪኩዌንሲ የሣጥኑ ቅኝት እንበለው። ለመኪና ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 38 ኸርዝ ባለው ውስጥ ይቃኛል።

በቅኝቱ አካባቢ ድምፁን የሚያወጣው በዋናነት ቱቦው ነው፤ ኮኑ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። 34 ኸርዝ ላይ የተቃኘ ሣጥን ፊት ቁጭ በሉና ከስልካችሁ ላይ አንድ ወጥ ድምፅ ከ60 ኸርዝ ቀስ እያላችሁ ወደ ታች አውርዱ። ኮኑ መጀመሪያ እየሰፋ ይርገበገባል። ወደ 34 ስትቃረቡ እየጠበበ ይሄድና የቆመ እስኪመስል ይረጋል። እጃችሁን ወደ ቱቦው አፍ ብታስጠጉ ግን ነፋሱ ይመታችኋል። ወደ 28 ስትወርዱ ኮኑ እንደገና ይለቀቃል፤ አሁን ግን ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ ነው። ሙከራውን ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ብቻ ሞክሩት።

ያ የመጨረሻው መለቀቅ ነው ሰብዉፈሬን የገደለው። ከቅኝቱ በታች ቱቦው ተራ ቀዳዳ ይሆናል። አየሩ ዝም ብሎ ይገባል፣ ይወጣል። ኮኑን የሚይዘው ነገር የለም። ድምፁም በየኦክታቩ 24 ዴሲቤል እየተናደ ይወርዳል፤ የዝግ ሣጥን እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ባለ ቱቦ ሣጥን የሚሠራ ሰው አምፑ ላይ ሰብሶኒክ ፊልተር ሊኖረው ይገባል። ይህ ማስተካከያ ከተወሰነ ፍሪኩዌንሲ በታች ያለውን ድምፅ ይቆርጣል። ከቅኝቱ ከ3 እስከ 5 ኸርዝ ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። አምፓችሁ ይህ ከሌለው ባለ ቱቦ ሣጥን አትሥሩ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ጥቅሙም ቀላል አይደለም። በቅኝቱ ዙሪያ ከዝግ ሣጥን 3 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊያስገኝ ይችላል። 3 ዴሲቤል ማለት የአምፑን ጉልበት እጥፍ የማድረግ ያህል ነው። በ300 ዋት የ600 ዋት ቤዝ ማግኘት ማለት ነው። ረጅም፣ ወፍራም፣ ደረት ላይ የሚቀመጥ ቤዝ ያለው የዛሬ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ባለ ቱቦውን ቢመርጥ እረዳዋለሁ።

ሂሳቡ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለክብ ቱቦ የሚሠራበት ቀመር ይኸውላችሁ። የቱቦውን የውስጥ ዲያሜትር በሴንቲ ሜትር ውሰዱና በራሱ አባዙት፤ ውጤቱን በ23,562.5 አባዙ። ለብቻው ደግሞ ቅኝቱን በራሱ አባዙና በሣጥኑ ሊትር አባዙ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። ከሚመጣው ላይ የዲያሜትሩን 0.73 እጥፍ ቀንሱ። የቱቦው ርዝመት ይህ ነው።

በ50 ሊትር ሣጥን፣ በ34 ኸርዝ ቅኝት፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ስንሠራው 33 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይመጣል። ያንኑ ሣጥን በ28 ኸርዝ ልቃኘው ብትሉ ቱቦው ወደ 53 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ያን ያህል ርዝመት ሣጥኑ ውስጥ የት ይገባል? በዚያ ላይ የቱቦው ጫፍ ከግድግዳው ቢያንስ የራሱን ዲያሜትር ያህል መራቅ አለበት።

ታዲያ ቀጭን ቱቦ ለምን አንጠቀምም? በ5 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ያው 34 ኸርዝ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ይፈልጋል። በጣም ያጓጓል። ግን የቱቦው አፍ ስፋት ወደ አንድ አራተኛ ወርዷል። ያው አየር በሩብ ቀዳዳ ሲያልፍ ፍጥነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ውጤቱ ቤዝ ሳይሆን "ፉፍ ፉፍ" የሚል የትንፋሽ ድምፅ ነው። የአየሩ ፍጥነት በሰከንድ ከ17 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው ይባላል። ለ12 ኢንች ሰብዉፈር ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ነጠላ ቱቦ አልመክርም። ጫፎቹ እንደ መለከት አፍ ከተከፈቱ ደግሞ ትንፋሹ ይቀንሳል።

ከክብ ቱቦ ይልቅ ከራሱ ከሣጥኑ እንጨት አራት ማዕዘን ቱቦ የሚሠሩ አሉ። ለዓይን ያምራል፤ ሣጥኑንም ያጠነክራል። ነገር ግን አንዴ በኮላ ከተያያዘ በኋላ ማስተካከል አይቻልም። ክብ ፕላስቲክ ቱቦ ግን ወጥቶ በመጋዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ሊቀነስለት ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ክቡን ምረጡ፤ ከሂሳቡ ትንሽ አስረዝማችሁ ጀምሩ። ማሳጠር ይቻላል፤ መቀጠል ግን ጣጣ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ከሰብዉፈሩ ጋር በምትመጣው ወረቀት ላይ ሰው ሁሉ የሚያየው ዋቱን ነው። ለሣጥን ግን ዋቱ ምንም አይነግረንም። የምንፈልገው ኤፍኤስ (Fs)፣ ኪውቲኤስ (Qts)፣ ኪውኢኤስ (Qes) እና ቪኤኤስ (Vas) የተባሉትን ቁጥሮች ነው። በአውስትራሊያ ኔቪል ቲል በ1961 ያቀረበው፣ ከዚያም ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ ያስፋፋው ሥራ ውጤት ናቸው። ከእነሱ በፊት ሣጥን በአብዛኛው በሙከራ ነበር የሚሠራው። ዛሬ አራት ቁጥርና አንድ ካልኩሌተር ይበቃል። እነዚህ ቁጥሮች የሌሉትን ሰብዉፈር ባትገዙ ይሻላል።

ኤፍኤስ ሰብዉፈሩ ያለ ሣጥን በተፈጥሮው የሚወዛወዝበት ፍሪኩዌንሲ ነው። ሁለቱ ኪዎች ኮኑ አንዴ ከተነሣ ምን ያህል በቶሎ እንደሚረጋ ይናገራሉ። ቪኤኤስ ደግሞ የኮኑ እገዳ ከስንት ሊትር አየር ልስላሴ ጋር እኩል እንደሆነ ያሳያል።

አንድ ፈጣን መለያ አለ። ኤፍኤስን ለኪውኢኤስ አካፍሉ። ውጤቱ ከ50 በታች ከሆነ ሰብዉፈሩ ዝግ ሣጥን ይወዳል። ከ100 በላይ ከሆነ ባለ ቱቦ ይወዳል። በመሐል ከሆነ ሁለቱንም ይቀበላል። ይህ ሕግ አይደለም፤ አቅጣጫ ጠቋሚ ነው። እንደ መጀመሪያ ወንፊት ግን በደንብ ያገለግላል።

በምሳሌ እንየው። ኤፍኤሱ 28፣ ኪውኢኤሱ 0.49፣ ኪውቲኤሱ 0.45፣ ቪኤኤሱ 60 ሊትር የሆነ 12 ኢንች ሰብዉፈር አለን እንበል። 28 ለ0.49 ሲካፈል 57 ይመጣል። ሁለቱንም ይቀበላል፤ ትንሽ ግን ወደ ዝጉ ያደላል።

በዝግ ሣጥን ውስጥ ጠባዩ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ቪኤኤስን ለሣጥኑ ሊትር አካፍሉ፣ 1 ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ፣ ከዚያ በኪውቲኤስ አባዙ። ይህ ኪውቲሲ ይባላል። 0.7 ላይ ሲሆን ድምፁ ጉብታ የሌለው፣ የተስተካከለ ነው። ለዚህ ሰብዉፈር 0.7 የሚመጣው በ41 ሊትር ነው። ሣጥኑን ወደ 25 ሊትር ብናሳንሰው 0.83 ይሆናል፤ አሁንም በጣም ደህና ነው፤ እንዲያውም ምቱ ትንሽ ጠንከር ይላል። ወደ 15 ሊትር ብናወርደው 1 ይደርሳል። እዚህ ላይ ቤዙ በ80 እና በ90 ኸርዝ አካባቢ ያብጣል፤ ጥልቀቱ ይጠፋል፤ ሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት "ድም ድም" ይሆናል። ጆሮ ቶሎ ይሰለቸዋል።

ከዚህ የምንረዳው ትንሽ ቦታ ያለው ሰው ተስፋ መቁረጥ እንደሌለበት ነው። ከ41 ወደ 25 ሊትር ወርደንም የከፈልነው ዋጋ ትንሽ ነበር። ሣጥኑን በፖሊስተር ጥጥ ሞላ ብታደርጉት ደግሞ ሰብዉፈሩ ሣጥኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሰፋ ያህል ይሰማዋል። ትራስ ውስጥ የሚገባው ጥጥ ይሠራል። ባለ ቱቦ ሣጥን ውስጥ ግን ጥጥ አትሙሉ፤ ቱቦው መተንፈስ አለበት።

ባንድፓስና ሣጥን አልባ

ባንድፓስ ውስጥ ሰብዉፈሩ በሁለት ክፍሎች መሐል ይቀመጣል፤ ድምፁ የሚወጣው በቱቦ ብቻ ነው። በጠባብ የፍሪኩዌንሲ ክልል ውስጥ በጣም ይጮኻል። ከዚያ ክልል ውጭ ያለውን ሙዚቃ ግን ይተወዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሰብዉፈሩ ሲጨነቅ የሚያሰማውን የተበላሸ ድምፅ ሣጥኑ ራሱ ያጣራዋል። ስለዚህ ሳትሰሙት ያልቅለታል። ሂሳቡም ከባድ ነው፣ ሲሳሳቱ ማስተካከያ የለውም። ለውድድር ካልሆነ በቀር ለማንም አልመክረውም።

ሣጥን አልባው አሠራር በአንጻሩ በጣም የተረሳ ጥሩ ምርጫ ነው። ከኋላ ወንበር ጀርባ ወፍራም ጣውላ ተገጥሞ ሰብዉፈሩ እዚያ ላይ ይታሰራል፤ የኋላው ዕቃ መጫኛ ሙሉው ሣጥን ይሆናል። ቤዙ ጥልቅና ተፈጥሯዊ ነው። የዕቃ ቦታችሁም አይያዝም። ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ዕቃ መጫኛው ከተሳፋሪው ክፍል ፍጹም መለየት አለበት፤ ስለዚህ የኋላ ኮፈኑ ለብቻው በሆነ መኪና እንጂ ኋላው ክፍት በሆነ መኪና አይሆንም። ሁለተኛ፣ ኪውቲኤሱ 0.6ና ከዚያ በላይ የሆነ ሰብዉፈር ይፈልጋል፤ ኮኑን የሚይዘው የታፈነ አየር ስለሌለ ጉልበትም አይችልም። በመጠኑ ለሚሰማ ሰው ግን ድንቅ ነው።

ከምን ይሠራ?

ቺፕውድ ካላችሁ ተዉት። ብሎን አንዴ ገብቶ ከወጣ በኋላ ቀዳዳው ይፈርሳል። የመጀመሪያ ሣጥኔን ስፈታ ሰብዉፈሩን ከያዙት 8 ብሎኖች 3ቱ በጣቴ ብቻ ነው የወጡት፤ ጫፋቸው ላይ የተፈጨ እንጨት እንደ ብናኝ ተጣብቆ ነበር። እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ እንደ ዳቦ ያብጣል።

ትክክለኛው ፉክክር በኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከታመቀ የእንጨት ቃጫ በሚሠራው ጣውላ፣ እና በኮምፔንሳቶ መካከል ነው። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ወጥ ነው፣ ሲቆረጥ ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ድምፁን በራሱ አይጨምርበትም። ጉዳቱ ክብደቱና ውሃ አለመውደዱ ነው። አንድ ካሬ ሜትሩ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጥራት ያለው የበርች ኮምፔንሳቶ ቀለል ይላል፣ ይበልጥ ግትር ነው፣ ብሎን አጥብቆ ይይዛል፣ እርጥበትም ይችላል። በቀጭን ንብርብሮቹ መሐል ክፍተት ያለው ርካሽ ኮምፔንሳቶ ግን ይንጫጫል፤ ከእሱ ኤምዲኤፍ ይሻላል። ለመጀመሪያ ሣጥን ኤምዲኤፍን እመርጣለሁ። ስትቆርጡና በብርጭቆ ወረቀት ስትፈትጉ ግን ጭምብል አድርጉ፤ ብናኙ በጣም ደቃቅ ነው፣ ማጣበቂያውም ፎርማልዲሃይድ አለበት።

ፋይበርግላስ የመኪናውን ጎን ቅርጽ ይዞ ስለሚሠራ ማንም የማይጠቀምበትን ጥግ ሣጥን ያደርገዋል። ካለቀ በኋላ ከመኪናው ጋር የተወለደ ነው የሚመስለው። ግን ሽታው ከባድ ነው፣ ሬዚኑ ተቀጣጣይ ነው፣ ክፍት ቦታ፣ ጓንትና የጋዝ ጭምብል ይፈልጋል። በሁለት ሦስት ንብርብር የሚያቆሙ ሰዎች ሣጥናቸው ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይተነፍሳል፤ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ድረስ መደረብ አለበት። ሊትሩን ለማወቅ ቅርጹ ሂሳብ ስለማይቀበል፣ ውስጡን በፕላስቲክ አልብሶ በመለኪያ ዕቃ ውሃ መሙላት ነው። ከሁለተኛው ሣጥናችሁ በኋላ ሞክሩት። ለባለ ቱቦም አይመችም፤ ለዝግ ግን ተስማሚ ነው።

ቦታውን ስትለኩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የውጭ ልኩ 50 በ40 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ስታዩት 70 ሊትር ነው። ከ18 ሚሊ ሜትር እንጨት ከተሠራ ግን የውስጡ 46.4 በ36.4 በ31.4 ነው፤ 53 ሊትር። 17 ሊትር እንጨት በላው። ከዚያ ላይ የሰብዉፈሩ ጀርባ ለ12 ኢንች 3 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ባለ ቱቦ ከሆነ ያ 33 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ከነውፍረቱ ሌላ 3 ሊትር ይይዛል። ማጠናከሪያ እንጨት ካለ አንድ ሊትር። የቀረው 46 ሊትር ነው። በ50 ሊትር የተቃኘ ቱቦ ሠርታችሁ ከሆነ ቅኝቱ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ሁልጊዜ ከሚያስፈልጋችሁ የተጣራ ሊትር ተነሥታችሁ ወደ ውጭ ሒዱ።

የሣጥኑ ቅርጽ ግን አያስጨንቃችሁ። ሰያፍ ቢሆን፣ ጠፍጣፋ ቢሆን ለቤዝ ለውጥ የለውም። የ50 ኸርዝ ሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ነው፤ የግማሽ ሜትር ሣጥን ቅርጹን አያየውም። ዋናው ነገር ከመኪናው በር ወይም ከኮፈኑ አፍ ማለፉ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት በካርቶን ሠርታችሁ አስገቡና አውጡ። አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ያለቀ ሣጥን በኮፈኑ አፍ አልገባ ብሎ ሲቀር ያየሁትን ኀዘን ግን ማንም እንዲያየው አልፈልግም።

እንግዲህ ማን የትኛውን ይውሰድ? ብዙ ዓይነት ሙዚቃ የሚሰማ፣ ዕቃ መጫኛውን የሚፈልግ፣ ወይም የመጀመሪያ ሣጥኑ የሆነ ሰው ዝግ ይሥራ። ትንሽ አምፕ ይዞ ብዙ ቤዝ የሚፈልግ፣ 50 ሊትርና ከዚያ በላይ ቦታ ያለው፣ ሰብሶኒክ ፊልተር ያለው፣ ኤፍኤሱ ለኪውኢኤሱ ተካፍሎ የሚመጣው ቁጥርም ከ57 ይልቅ ወደ 100 የሚጠጋ ሰብዉፈር የያዘ ሰው ወደ ባለ ቱቦ ይሂድ። ልቡ ሁለት ቦታ የቆመበት ሰው 50 ሊትር ዝግ ሣጥን ሠርቶ ይጀምር። ካልጠገበ በኋላ ላይ ፊት ለፊቱን ቀድዶ ቱቦ ሊያስገባ ይችላል፤ የሰብዉፈሩና የቱቦው ድርሻ መቀነሱን ብቻ አይርሳ።

ሲያልቅ ሁለት ፍተሻ አድርጉ። ውስጥ መገጣጠሚያዎቹን በሲሊኮን ከደፈናችሁ ሰብዉፈሩን ከመግጠማችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ፤ ሲደርቅ የሚወጣው የኮምጣጤ ሽታ ያለው እንፋሎት የሰብዉፈሩን ማጣበቂያ ሊጎዳው ይችላል። ዝግ ሣጥን ከሆነ ገጥማችሁ ስትጨርሱ የኮኑን ዙሪያ በሁለት እጃችሁ በእኩል በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉና ልቀቁት። ዘግየት ብሎ ከተመለሰ ጥሩ ነው። ወዲያው ቷ ብሎ ከተመለሰ አየር የሚያስወጣ ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ የሽቦ መግቢያው ቀዳዳ ነው።

በመጨረሻም ሣጥኑን እሰሩት። በዚህ ልክ ያለ የኤምዲኤፍ ሣጥን ባዶውን 13 ኪሎ ነው፤ ሰብዉፈሩ ሲጨመር ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ድንገት ፍሬን ስትይዙ ይህ ሁሉ ወደ ፊት ነው የሚመጣው። በቀበቶ ወይም በብረት ማዕዘን ከመኪናው ወለል ጋር ያዙት። ብሎኑን ከመስደዳችሁ በፊት ግን ከሥር ገብታችሁ የነዳጅ ታንከሩ የት እንዳለ እዩ።